የሀብትነሽ መርዶ

ቸሩ በዓል ካልሆነ ወይም እንግዳ ካልመጣ በቀር የሥጋ ቤት ደጅ የሚረግጥ ሰው አይደለም። ያን ዕለት ማክሰኞ ጠዋት ግን፣ ገና ቁርስ ሳይቀርብ፣ አንድ ኪሎ ሥጋ በፌስታል አንጠልጥሎ ገባና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ሀብትነሽ ከፍታ አየችው፤ ሽንጥ ነው፣ ያውም የተመረጠ። ኪሎው ሰማንያ ብር ገባ ብሎ ሲያማርር የከረመ ሰው፣ ሰርግ ደግሶ ኪሱ የተራቆተ ሰው ምን ነካው? ጠየቀችው። «ደክመሻል፤ ትንሽ ሰውነትሽ ይመለስ ብዬ ነው» አላት፤ ሲናገር ግን የሚያየው ሥጋውን ነበር። በዚህ ሁሉ የትዳር ዘመናቸው ቸሩ ስለ ሰውነቷ ሲጨነቅ ይህ የመጀመሪያው መሆኑን ልትነግረው አሰበችና ተወችው። ቸሩ ደግ ሲሆን ዝም ማለት ይሻላል፤ ካመሰገኑት ይደነግጥና ይተወዋል።

ቤታቸው ካዛንቺስ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ አምስት አባወራ በአንድ የቆርቆሮ በር በሚወጣበት የቀበሌ ግቢ ውስጥ ያለች ባለ ሁለት ክፍል ናት። የልጃቸው የሳምራዊት ሰርግ ካለፈ ሳምንት አልፎታል፤ ሳሎኑ ግን ገና ሰርግ ሰርግ ይላል። ከጎረቤት የተዋሷቸው ብርጭቆዎች በካርቶን ሆነው ግድግዳ ተደግፈዋል፤ ባለ ቀለሙ ወረቀት ከኮርኒሱ አልወረደም፤ የቁም ሳጥኑ መዝጊያ ላይ ደግሞ በላስቲክ የተሸፈነ፣ አንድም ቀን ያልተለበሰ የሐበሻ ቀሚስ ተንጠልጥሏል። ቀሚሱ የሸዋአየሁ ነው። ሸዋአየሁ የሀብትነሽ ታላቅ እህት ናት፤ እናታቸው ስትሞት ከአገር ቤት አምጥታ ያሳደገቻት፣ ያስተማረቻት፣ ለቸሩም የዳረቻት እሷ ናት። ጎተራ ኮንዶሚኒየም ከአንድ ልጇ ከኤርሚ ጋር ትኖራለች። ለሰርጉ ሁለቱ እህትማማቾች አንድ ዓይነት ጥለት መርጠው፣ አንድ ሰፊ ጋ ተለክተው፣ «ጎን ለጎን ነው የምንቀመጠው፤ የትኛዋ እናቷ እንደሆነች እንግዳው ግራ ይጋባ» ተባብለው ስቀው ነበር።

ሰርጉ ሊደርስ ሲል ቸሩ መጣና ሸዋአየሁ የእግሯ ሕመም ጠንቶባት ጸበል እንደገባች፣ ሱባኤ እንደያዘች፣ እዚያ ስልክ መያዝም ሆነ ሰው መጠየቅ እንደማይፈቀድ ነገራት። ሱባኤ! ልጄ የምትላት ልጅ ስትዳር ሱባኤ! ሀብትነሽ በገነች። እግሯ ከጠናባት ተሸክመን እናመጣት ነበር አለች፤ ጠልታኝ ነው፣ እኔ ቀድሜያት ልጅ ስለዳርኩ ነው፣ ኤርሚ እስካሁን ስላላገባላት ቅናት ይዟት ነው አለች። በሰርጉ ቀን ኤርሚ ለጥቂት ደቂቃ ብቅ ሲል አንገቱን አቅፋ ሳመችውና «ለእናትህ ሰርጉ አምሯል በላት» አለችው። «እሺ አክስቴ» ብሎ ወጣ። በመልሱ ዕለት ደግሞ ዘመድ ጎረቤት በተሰበሰበበት ብርጭቆዋን ይዛ ተነሣችና «ከዛሬ ጀምሮ እህት የለኝም» አለች። ቤቱ ጭጭ አለ። ዝምታውን እንደ ድጋፍ ቆጠረችው፤ እሰይ ያላት ባይኖርም የተቆጣት አልነበረምና። ቀኑ እያለፈ ሲሄድ ግን ንዴቱ ለቀቃትና ናፍቆት ብቻ ቀረ። ያን ማክሰኞ ከእንቅልፏ የነቃችው ቀሚሱን ይዛ ጎተራ ለመሄድ ቆርጣ ነበር፤ ሸዋዬ ከጸበል ተመልሳ ከሆነ ተሰዳድበው፣ ተላቅሰው፣ ቀሚሱን አስለክታት ልትመጣ። ይህን ለቸሩ ስትነግረው «ዛሬ አትሂጂ፤ ነገ አብረን እንሄዳለን» አላት። ነገም ቢሆን ሩቅ አይደለም ብላ ተስማማች።

ሥጋውን ይዛ ወደ ኩሽና ስትወጣ ነው ወንበሮቹን ያየቻቸው። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ነጋሲ የአጠገቡ ግቢ በር ላይ ቆመዋል፤ ሁለት ሰዎች የእድሩን የፕላስቲክ ወንበሮች በጋሪ እያመጡ እዚያው ግቢ ውስጥ ይከምራሉ። ከምረው ሲጨርሱም ሸራ አለበሷቸው። ድንኳን የለም፣ ብረት ድስት የለም፣ ወንበር ብቻ። ሌላ ሰው ቢያየው ምንም አይመስለውም። ሀብትነሽ ግን ባለችበት ቆማ ቀረች፤ ወንበር ያለ ድንኳን ሲመጣ ምን ማለት እንደሆነ በሰፈሩ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። መርዶ ነው። ዘመዱ ሞቶበት ያልተነገረው ሰው አለ ማለት ነው፤ ነገ ጎህ ሲቀድ ተሰብስበው ገብተው ያረዱታል።

በመርዶ ሀብትነሽን የሚስተካከላት የለም። ከሩቅ ስልክ ተደውሎ እገሌ ሞተ የተባለበት ቤት ቀድሞ የሚያስጠራው እሷን ነው። ሞቱ መቼ ይነገር፣ እስከዚያ ሰውየው ታሟል ይባል ወይስ መንገድ ሄዷል፣ ይህን የምትወስነው እሷ ናት። የሚረዳው ሰው በዋዜማው ደህና ምግብ፣ ቢቻል ሥጋ፣ መብላት አለበት ትላለች፤ ከተረዳ በኋላ እህል በአፉ አይዞርም። ስልኩ በሆነ ሰበብ ከቤት ይወጣል፤ አንዱ ቂል ደውሎ እግዜር ያጽናህ እንዳይለው። ከቅርብ ሰው አንዱ እዚያው ያድራል። የሚናገረው ሰው ደግሞ ዘመድ መሆን የለበትም፤ ዘመድ ከኋላ ቆሞ ይደግፋል እንጂ አፍ አውጥቶ አይናገርም። ሰፈሩ ይህን ሁሉ የተማረው ከእሷ ነው። ሰው ሐዘኑን በደህና ቀን፣ በወገን መካከል፣ በጠገበ ሆዱ ቢሰማ ይሻለዋል ብላ ከልቧ ታምናለች። ታዲያ ዛሬ እዚሁ አፍንጫዋ ሥር መርዶ ሲሰናዳ አንድ ሰው እንኳ ሀብትነሽ ትጠራ አላለም።

እጇን ተለቃልቃ፣ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ጋሽ ነጋሲ ጋ ሄደችና መርዶው ለማን እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ጋሽ ነጋሲ ጡረታ እስኪወጡ ፍርድ ቤት ያገለገሉ፣ ንግግር የማያጥራቸው ሰው ናቸው። ያን ጠዋት ግን ኮፍያቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ፣ አንቺ ገና ከሰርግ ድካም አልወጣሽም፣ ይኼኛው ይለፍሽ ብለዋት ሸራውን ማስተካከል ጀመሩ። ሀብትነሽ ተዋረደች። ስትመለስ ደግሞ ልብስ ሲያሰጡ የነበሩ ሁለት ጎረቤቶቿ ወሬያቸውን ቆርጠው ዝም አሉ፤ አንደኛዋ፣ በቧንቧ ወረፋ ትናንት የተጨቃጨቀቻት ሴትዮ፣ «እናቴ፣ ደህና አደርሽልኝ?» አለቻት። መቼም ከእኔ የሚደብቁት አንድ ነገር ቢኖር የጀማነሽን ጉዳይ ነው ብላ አሰበች። ጀማነሽ አገር ቤት ያረጁ እናት አሏት። ሞተው ይሆናል፤ እኔን ያልጠሩኝም ከእሷ ጋር ስለማልስማማ ነው አለች። ነገሩ በዚህ ተገጣጠመላት።

ጀማነሽ ግድግዳ ተጋሪዋ ናት። ከግድግዳው በቀር ሌላ ነገር ከተጋሩ ግን ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ጀማነሽ ያን ጊዜ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ አራስ ሳለች ወንድሟ በመኪና አደጋ ሞተ፤ ወተቷ ይደርቃል፣ ክርስትናው እስኪያልፍ አይነገራት ብላ የወሰነችው ሀብትነሽ ነበረች። ገንፎ እያገነፋች፣ ከአልጋው ጠርዝ ተቀምጣ እያሳቀቻት፣ ራሷ የገዛችውን የሕፃን ልብስ ወንድምሽ ልኮልሽ ነው ብላ እየሰጠቻት ያን ሁሉ ቀን ገፋችው። ጀማነሽ የተረዳች ዕለት ከሁሉ አስቀድማ የጠየቀችው ያን ልብስ ማን እንደገዛው ነበር። ከዚያ ወዲያ ከእግዜር ሰላምታ አላለፉም። እድር ላይ አንዷ የደገፈችውን ሌላዋ ትቃወማለች፤ ቧንቧው፣ የልብስ ማስጫው ገመድ፣ የግቢው በር ቁልፍ ሁሉ የጠብ ምክንያት ሆነ። በሰርጉ ዋዜማ ቅዳሜ እንኳ ጀማነሽ መጥታ በር አንኳክታ ነበር። ሀብትነሽ በመስኮት አየቻትና ሳትከፍትላት፣ እንግዳው ሁሉ እየሰማ፣ «ዛሬ የምቀኛ ፊት አላይም» ብላ መለሰቻት።

አሁን ሽንኩርቱን እየከተፈች ስታስበው አሳዘነቻት። ቂም ሌላ፣ የእናት ሞት ሌላ። ነጋሲ ወንበር ከመደርደር በቀር ምን ያውቃል? ጀማነሽ ዛሬ ደህና ነገር መብላቷን ማን ያስብላታል? ጥብሱን እኔ አደርስላታለሁ፣ ነገ ስትረዳ ሆዷ ባዶ አይሆንም፣ ያበላቻትም እኔ መሆኔን አንድ ቀን ታውቀዋለች አለች። እንደዚያ ስታስብ ደስ አላት፤ የተነጠቀችው ሥራ የተመለሰላት መሰላት። ሥጋውን ቃሪያ በዛ አድርጋ፣ ቅቤ ጠብ አድርጋ ጠበሰችው።

ለምሳ ሲቀርቡ ሳምራዊት ከሐዋሳ፣ ከጫጉላዋ፣ ትንሽ ቦርሳ ይዛ ገባች። እናቷን አቅፋ ቶሎ አልለቀቀቻትም። ዛሬ እዚህ አድራለሁ አለች። ባልሽስ ስትባል ፈቅዶልኛል አለች። ዓይኗ አብጧል፤ ሀብትነሽ ከሙሽራው ጋር ገና በጠዋቱ ተጋጭታ እንዳይሆን ሰጋችና ማታ ለብቻዋ ልትጠይቃት ወሰነች። ቸሩም ወሎ ሰፈር ካለው የጎማ መሸጫ፣ ከሥራው፣ ቀርቷል፤ ወገቤን አሞኛል ብሎ። ሁለቱ ግራና ቀኝ ተቀምጠው ብዪ፣ ጨምሪ፣ ይቺን ብቻ አሏት። እሷ ሁለት ጉርሻ ቀመሰችና የቀረውን ማታ እበላለሁ ብላ ተነሣች። ከኩሽና ደህና ደህናውን መርጣ በሳህን አደረገች፣ በእንጀራ ሸፈነች፣ በጓሮ ዞራ የጀማነሽን በር አንኳኳች።

ጀማነሽ ከፍታ ሳህኑን አየች፣ ሀብትነሽን አየች፣ ተመልሳ ሳህኑን አየች። ገባ በይም አላለቻት፤ ከበሩ ዞር አለችላት ብቻ። ክፍሏ እንደ ሀብትነሽ ክፍል ጠባብ ናት፤ አልጋው በመጋረጃ ተጋርዷል፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ዳንቴል ተነጥፏል፣ በዳንቴሉ ላይ የዚያ የሞተው ወንድሟ ፎቶግራፍ ቆሟል። ሀብትነሽ ፎቶግራፉን ላለማየት ዞራ ተቀመጠች። ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወራች፣ ዘንድሮ ያለጊዜው ስለመጣው ዝናብ አወራች፣ ሳህኑን ወደ ጀማነሽ ገፋ አደረገች። ድምፅዋን ዝቅ፣ ለስለስ አድርጋ ነበር የምታወራው፤ ለመርዶ ሰው የምታወራበት ድምፅ ነው። ጀማነሽ ድምፁን አወቀችው። ከአራስ አልጋዋ ጠርዝ ስትሰማው የከረመችው ነው።

«ብዪ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል» አለች ሀብትነሽ።

«ለእኔ ነው ያመጣሽው?»

«ለአንቺ ነዋ።»

«ሥጋውን ማን ገዛው?»

«ቸሩ ነው። ደክመሻል ብሎ…»

 ጀማነሽ እጇን ከጭኗ ሳታነሣ፣ ቀስ ብላ፣ «ስልክሽ የት አለ?» አለች።

«ትናንት ለጥገና ወሰደው፣ ባትሪው…» ሀብትነሽ አልጨረሰችውም። ባትሪው ምንም አልሆነም ነበር። ቸሩ ተበላሽቷል አላት እንጂ እሷ ምንም አላየችበትም። ከሥራ የቀረ ባሏን አሰበች። «ሳምሪም ዛሬ እኛ ጋ ነው የምታድረው» አለች፣ ጀማነሽ ሳትጠይቃት፣ ለራሷ። ከዚያ ሳህኑን አየችው። ሥጋው፣ ስልኩ፣ የሚያድረው የቅርብ ሰው፣ ወንበሩ፤ ሁሉም የእሷ ትምህርት ነው፤ አንዱንም አላጓደሉባትም። 

«ሸዋዬ ናት?»

«አዎ።»

«መቼ?»

«ከሰርጉ በፊት። ሐሙስ ማታ ደም ግፊቷ ተነሣባት አሉ፤ ሐኪም ቤት ሳትደርስ ነው። አርብ ተቀበረች።»

ሀብትነሽ አልጮኸችም። የሚጮኽ ሰው ወዲያው ይከበባል፣ ይያዛል፣ ውሃ ይረጭበታል፣ ከዚያ በኋላ ምንም ነገር መጠየቅ አይችልም፤ ይህንንም ታውቃለች። እሷ መጠየቅ ነው የፈለገችው። ቸሩ ያውቃል? ቀብሩ ላይ ነበር። ሳምራዊትስ? በሰርጉ ጠዋት ከአንዱ አፍ አምልጦ ሰምታ፣ ተቀባብታ ስታለቅስ ሁለት ጊዜ ነው ፊቷን ያደሱላት። ሰርጉን አናፍርስ ያሉት ማናቸው? ቸሩና ጋሽ ነጋሲ፤ ኤርሚንም ለምነው፣ እናትህ ብትኖር ሰርጉ ይቅር አትልም ነበር ብለው አስማምተውት። ሰፈሩስ? ሁሉም። እህት የለኝም ብላ ብርጭቆ ያነሣች ዕለት የሰሟት ሁሉ፣ አንድ ሳይቀር።

«አንቺም» አለች ሀብትነሽ። «አንቺም አልነገርሽኝም።»

«ቅዳሜ በርሽ ላይ ቆሜ ነበር። ምን ብለሽ እንደመለስሽኝ ታውቂዋለሽ።» ጀማነሽ ፎቶግራፉን ቀና ብላ አየችው። «ከዚያ በኋላም ልነግርሽ እችል ነበር። አልዋሽሽም፤ ይበላት ብዬ ነው የተውኩት። እኔም ያኔ ስስቅ ቁጭ ብለሽ አይተሽኛል። ዛሬ ግን ሥጋ ይዘሽልኝ ስትመጪ… በቃ፣ አልቻልኩም።»

 ጀማነሽ አላባበለቻትም፣ ትከሻዋንም አልያዘቻትም። ሀብትነሽ ሳህኑን እዚያው ትታ ወጣች።

ቤት ስትገባ ሳምራዊት ጓዳ ተኝታለች፣ ቸሩ ጋሽ ነጋሲ ጋ ሄዷል። ሀብትነሽ የሰርጉን ሲዲ ማጫወቻው ውስጥ ከተተችና ከቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጠች። ሲዲው ከመጣ ሁለት ቀን ሆኖታል፤ ሁለት ጊዜ አይታው በደስታ ጨርሳዋለች። ቪዲዮ አንሺው የአዳራሹን ድምፅ አጥፍቶ ከዳር እስከ ዳር ዘፈን ብቻ ስለጫነበት ሁሉም የሚስቅ ይመስል ነበር። አሁን ድምፁን ዘጋችው። ዘፈኑ ሲጠፋ ሌላ ነገር ሆነ። እሷ መሀል ገብታ ትከሻዋን ትሰብቃለች፣ ላቧ በግንባሯ ይወርዳል፣ የከበቧት ሰዎች ያጨበጭባሉ፤ እጃቸው ያጨበጭባል እንጂ ፊታቸው ለቅሶ ቤት ነው። ጋሽ ነጋሲ ወለል ወለሉን ያያሉ። ያቺ የቧንቧዋ ሴትዮ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች። ጀማነሽ ከኋላ ቆማ፣ ጭፈራው ሳያልቅ ዞራ ትወጣለች። ኤርሚ በር ላይ ይታያል፤ ጺሙን አልተላጨም፣ ከኮቱ ሥር የለበሰው ሸሚዝ ጥቁር ነው። ሀብትነሽ አንገቱን ስታቅፈው ዓይኑን ይጨፍናል። በዚያች ደቂቃ ነው ለእናትህ ንገራት ያለችው።

ሳምራዊት ከሙሽራው ጎን ተቀምጣ በመሀረብ ዓይኗን ትነካካለች። የሙሽራ እንባ ብላ የሳቀችበት ነው። ቸሩን ስትፈልገው ከመድረኩ አጠገብ አገኘችው። እሷን ነው የሚያየው፤ ከጭፈራው መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ዓይኑን አልነቀለም። ያን ጊዜ ኮርታበት ነበር፤ ባሌ ዛሬም ያየኛል ብላ። ጫማው ያበራል። ጫማውን የወለወለችው እሷ ናት፤ አርብ ከሰዓት ድንኳን ልከራይ ብሎ ወጥቶ ቀይ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ሲመጣ ለሰርጉ የተገዛ ጫማ እንዲህ ይደረጋል ብላ ተቆጥታ፣ በውሃ አጥባ፣ ቀለም ቀብታ አድርቃዋለች። የእህቷን መቃብር አፈር በገዛ እጇ ከባሏ ጫማ ላይ አጥባ ወደ ቱቦ ደፍታዋለች። ሀዘኑን ትችለው ይሆናል፤ ሰው ይሞታል። ይህን ግን ማንም ሊያደርግባት አይገባም ነበር። ገና በሕይወቷ እንዲህ ብቻዋን ሆና አታውቅም። ሲዲውን አውጥታ ወደ ማኅደሩ መለሰችው።

ማታ ቸሩ ጥብሱን ራሱ አሙቆ አቀረበ። ሀብትነሽ በላች። ቀና ሳትል፣ ሳህኑ ባዶ እስኪሆን በላች። ነገ ጉልበት ያስፈልጋት ነበር። ቸሩና ሳምራዊት በእፎይታ ተያዩ፤ እሷም ሲተያዩ አየቻቸው።

ሰማዩ መገርጣት ሲጀምር ቸሩ ነቅቶ ጎኑን ሲዳስስ አልጋው ባዶ ነበር። በድንጋጤ ካናቴራውን እያስተካከለ ወደ ግቢው ወጣ። በዚያው ቅጽበት የቆርቆሮው በር ተከፍቶ ጋሽ ነጋሲ ሽማግሌዎቹን፣ የእድሩን ሰዎችና ኤርሚን አስከትለው በሹክሹክታ ገቡ፤ ገብተውም ቆሙ። በአጠገቡ ግቢ በሸራ ተሸፍነው ያደሩት ወንበሮች በሙሉ የሀብትነሽ በር ላይ በመስመር ተደርድረዋል። ከፊት፣ ወደ ግቢው በር ዞራ፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ሀብትነሽ ተቀምጣለች። ፀጉሯን ተላጭታለች። ከጎኗ ያለው ወንበር ላይ ሰው የለበትም፤ ላስቲኩ የተገፈፈ የሸዋአየሁ ቀሚስ በመደገፊያው ላይ ተደርቦ እጅጌው ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ከኋላዋ፣ ዘመድ በሚቆምበት ቦታ፣ ጀማነሽ ቆማለች።

«ግቡና ተቀመጡ» አለች ሀብትነሽ።

የተቀመጠ የለም። ጋሽ ነጋሲ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሀብትነሽ እጇን አንሥታ አስቆመቻቸው።

«እርስዎ አይደሉም። ቸሩ ይንገረኝ።»

ቸሩ ወደ ጋሽ ነጋሲ ዞረ።

«እሳቸውን አትይ። ስጨፍር እኔን እያየህ ነበር፤ አሁንም እኔን እያየህ ንገረኝ።»

«ሀብቴ» አለ ቸሩ። «እኔ ላንቺው ብዬ… ሸዋዬ…»  ከበሩ ሥር የሳምራዊት ልቅሶ ተሰማ፤ ኤርሚ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ የቀሩት ሁሉ ሲዲው ላይ እንዳየቻቸው አቀርቅረው መሬት መሬቱን ያዩ ነበር። ሀብትነሽ አንድ በአንድ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አየቻቸው።

«እህት የለኝም ያልኩ ዕለት ሁላችሁም ሰምታችሁኛል» አለች። «በሉ፣ እውነትሽን ነው በሉኝ።»

 ቀሚሱን ከወንበሩ አንሥታ ደረቷ ላይ ታቀፈችው፤ ልቅሶዋም ያን ጊዜ መጣ።